ያጠብኩት ጨው

ሰበታ ውስጥ ጨው የሚያጥብ ባል ካማራችሁ ሌላ ሰው አታስቸግሩ፤ እኔ አለሁ። ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ከገበያ የምታመጣውን ጨው፣ የጆንያ አቧራና የጫኝ እግር ነክቶታል እያልኩ፣ ሳፋ ውስጥ ፈጠን ፈጠን አድርጌ በሦስት ውሃ አለቀልቅና ፀሐይ ላይ አሰጣ ነበር። ጎረቤቶች «እንዲህ ያለ ባል ከየት አገኘች» ሲሉ ስሰማ እንደ አውራ ዶሮ እነፋ ነበር።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ነበርኩ። አዮዲን ላይ ስደርስ ሐምራዊ ጠመኔ አወጣለሁ። አንድ ፈረንሳዊ ባሩድ ሠሪ የባሕር አረም አመድ ላይ አሲድ አብዝቶ ቢደፋበት፣ ሐምራዊ ጭስ ቡልቅ አለ። አዲሱ ንጥረ ነገር በስህተት ተገኘ። ሰውየው ግን ምንም ሳያተርፍበት ደህይቶ ሞተ። ልጆቹ ሲያዝኑለት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ይህ ነገር ከጨው ውስጥ ከጠፋ አንገት ያብጣል እላቸዋለሁ። ከዚያ ደወል ይደወላል፤ ጠመኔዬን አራግፌ ወደ ሳፋዬ።

የባለቤቴ አንገት ሲያብጥ በነጠላዋ ሸፈነችው። እኔም ተመቻት፣ ወፈረች አልኩ። ጋደም ስትል ትንፋሽ ሲያጥራትና ድምፅዋ ሲሻክር ነው ሐኪም ቤት የሄድነው። ሐኪሟ የድሮ ተማሪዬ ሆና ተገኘች። እንቅርቱ የአየር ቧንቧዋን ስለተጫነው ቀዶ ጥገና የግድ መሆኑን፣ የድምፅ ነርቭ ደግሞ እዚያው ሥር ስለሚያልፍ ሊነካ እንደሚችል ነገረችን። ባለቤቴ ለምርመራ ደም ልትሰጥ ስትወጣ፣ ሐኪሟ ስለምንበላው ጨው ጠየቀችኝ። እኔው አጥቤ እንደማቀርበው ነገርኳት። በኩራት!

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቲቸር፣ አዮዲኑ እኮ ከውሃው ጋር ነው የሚደፋው። ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?»

ወዲያው ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል አለችኝ። አዝናልኝ እንደሆነ ገባኝ። ፈረንሳዊው በዝርክርክነቱ ያገኘውን እኔ በንጽሕናዬ ደፋሁት። ያንኑ ጨው ስበላ ኖሬ የእኔ አንገት ዛሬም የዶሮ አንገት ነው፤ ፍርድ ቢኖር ኖሮ እብጠቱ ወደኔ ይመጣ ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ ከፋብሪካ ሠራተኞች መሃል ተጣብበን ስንመለስ ሁሉንም ነገርኳት። መውረጃችን ሲደርስ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉ ነበር፤ የኔው ግን በባል ላይ እንቅርት ነው» አለች። ረዳቱ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

የቀዶ ጥገናው ተራችሁ ሲደርስ ይደወላል ተብለናል። ሁለት ወር ሆነን። ስልኩን ከእጄ አልለይም፤ የሚደውሉት ግን ቁጥር የተሳሳቱ ሰዎች ናቸው። እሷ በረንዳ ላይ ትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ታንቀላፋለች። ትንፋሿ ያፏጫል። ፉጨቱ ሲቋረጥ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ድምፄ ከሄደ ማን ይሰድብሃል?» አለችኝ።

«እኔው ራሴን እሰድባለሁ። እየተለማመድኩ ነው።»

«አትችልበትም» አለችና ወረቀትና እስክሪብቶ እንዳመጣ አዘዘችኝ። እሷ ስድቡን እያለች፣ እኔ እንደ ጎበዝ ተማሪ እየጻፍኩ ሁለት ስድብ ጨረስን። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጠራት። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ጠበቅኳት።