ባሩድ የሌለው ጭስ

ይህን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ባለቤቴ ሳትሰማው ወደ ጌታ ሄደች። ፓስተራችን «በልባችሁ የቀበራችሁት ካለ አውጡት» ብሎ በለመነ ቁጥር እኔ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አሜን ስል ኖሬአለሁ። አሁን ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኔም የሰዓት ብሎን ያለ መነጽር ያያል። ስለዚህ የምጽፈው ሞት ስለፈራሁ አይደለም። አንዲት ልጅ እውነቱን ጠየቀች፣ እኔም አፏን አስዘጋኋት፤ ለዚህ ነው።

ማን እንደሆንኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለዚያ በደሌ በደንብ አይገባችሁም። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የለም፤ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። በስደት በምኖርበት ከተማ፣ የሐበሻ ነጋዴ በሚበዛበት ጀፕ በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በብርድ ልብስ ሻጮች መካከል አንዲት ጠባብ መጠገኛ ቤት አለችኝ። ሚዛን ቢሉ፣ የስፌት መኪና ቢሉ፣ ማቀዝቀዣ ቢሉ፣ ሰው «አለቀለት» ብሎ የጣለውን አስነስቻለሁ። ባለ ዲግሪዎች ከፍተው የዘጉትን እኔ ከፍቼ ሠርቻለሁ። የአገራችን ሰው «ጋሽ ወልዴ ካላወቀው ማንም አያውቀውም» ይላል። እውነቱን ነው።

ታደለ የዱራሜ ልጅ ነው፤ ከከተማው ዳር፣ ዛንድስፕሩት በሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለት ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አለው። ከአገር ያስመጣው ታላቅ ወንድሙ ማርቆስ ነበር። ማርቆስ ታሞ ሲሞት አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ተላከ። እዚህ የቀሩት አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ ኮትና ሁለት አሮጌ የአየር ጠመንጃዎች ነበሩ። እኛ በልጅነታችን ፍሎበር የምንለው ዓይነት፣ ባሩድ የማይጎርስ፣ በታመቀ አየር ትንሽ እርሳስ የሚተፋ። ሁለቱ ወንድማማቾች እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ባዶ ጣሳ ደርድረው ይተኩሱበት ነበር።

በዚህ አገር እንዲህ ያለ ጠመንጃ ኃይሉ ከተወሰነ ልክ ካላለፈ ፈቃድ አያስፈልገውም። ካለፈ ግን እንደ እውነተኛ መሣሪያ ይቆጠራል። ጊዜው ደግሞ ፖሊስ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የሚፈትሽበት ሰሞን ነበር። ታደለ ፔፐሩ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ማለት ነው፣ የጥገኝነት ነው፤ ወረፋ እየጠበቀ ያሳድሰዋል። ሁለቱን ጠመንጃዎች በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በታክሲ አመጣልኝ።

«ጋሼ፣ ልካቸውን ይዩልኝ» አለኝ። «ከመጽሐፍ ቅዱሱና ከኮቱ በቀር የማርቆስ እጅ የነካው ሌላ ነገር የለኝም። ግን በዚህ ሰበብ ፔፐሬን ቢነጥቁኝ ልጄን ምን አበላታለሁ?»

የጥይት ፍጥነት የሚለካ ማሽን ያላቸው መሣሪያ ሻጮች በከተማው ውስጥ አሉ። ወደ እነሱ ልልከው ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ያ «እኔ አልችልም» ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ብዬ አላውቅም። በእርግጥም ችያለሁ። የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጭቃ ሞላሁ፣ በአራት ክር ከጣሪያው ላይ አንጠለጠልኩት። እርሳሱ ጭቃው ውስጥ ሲቀበር ጣሳው ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ የተወዛወዘበት ርቀት የጠመንጃውን ኃይል ይናገራል። ስሌቱን ከመንገድ ዳር በገዛሁት አሮጌ የፊዚክስ መጽሐፍ ሠራሁ። ሕጉ የሚፈቅደው ልክ የቱ ጋ እንደሚያበቃ በቀይ ጠመኔ አሰመርኩ። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ሥራ እኮራለሁ።

አንደኛው ጠመንጃ ሞላው የደከመ ነበር፤ ጣሳውን ነቅነቅ እንኳ አላደረገውም። ሁለተኛዋ ግን ሌላ ፍጥረት ነበረች። ሰደፏ ጥቁር እንጨት፣ ብረቷ እንደ ውሃ የለሰለሰ፣ ስትታጠፍና ስትቃና ድምፅ የማታሰማ። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ በሕይወቴ አላየሁም። ብቻዬን ሆኜ አሥር ጊዜ ተኮስኩባት። አሥሩንም ጊዜ ጣሳው ከቀዩ መስመር በታች ቆመ። ሕጋዊ ነበረች። አወቅሁ። እኔ፣ ማንም የማያውቀውን የማውቀው ሰውዬ፣ በትክክል አወቅሁ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ታደለ በማግሥቱ ሲመጣ ደረጃው ላይ እግሩን ሰማሁ። የስፌት መኪናውን ዘይት አንስቼ አንዲት ጠብታ ጠመንጃዋ ውስጥ ጠብ አደረግሁ። አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፤ ዘይት ካገኘ እንደ ናፍጣ ሞተር ያቀጣጥለዋል። ያን ጊዜ የአየር ጠመንጃ የራሱ ባልሆነ ጉልበት ይተኩሳል። ይህን አውቅ ነበር። ጠብታዋን ያደረግኋት እኔ ነኝ። እጄን ማንም አልገፋኝም።

እሱ ፊት ተኮስኩ። ጮኸች። ጭስ ወጣ። ጣሳው ከቀዩ መስመር አልፎ ሄደ።

«አየህ?» አልኩት። «ይሄ መጫወቻ አይደለም።»

ፊቱ ገረጣ። ስሙ እንዳይነሳ እኔው በማውቀው ሰው በኩል ለፖሊስ እንደማስረክብለት ነገርኩት። ሰደፏን አንድ ጊዜ በመዳፉ ዳበሰ። የደከመውን ጠመንጃ ይዞ፣ እጄን ስሞ ወጣ። እጄን ስሞ! ያቺን ጠብታ ያደረገውን እጅ።

ለማንም አላስረከብኩም። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ዛሬም በዚያው ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ቁምሳጥኔ ላይ አለች። አንድ ቀን እንኳ አልተኮስኩባትም። በወር አንድ ጊዜ አውርጄ እወለውላታለሁ፣ መልሼ እሰቅላታለሁ። ለዚህ ነበር?

በሚቀጥለው እሁድ ታደለ ለምስክርነት ተነሥቶ ጌታ በጋሽ ወልዴ ጥበብ ከእስር እንዳዳነው ተናገረ። ጉባኤው እልል አለ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንኑ ይተርካል፤ ሁልጊዜም ጭሱ ላይ ሲደርስ እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ «ጭሱ ክፍሉን ሞላው!»

ያለፈው ወር ከአምልኮ በኋላ ምሳ ላይ ይህንኑ ሲያወራ ልጁ ሩት ሹካዋን አስቀመጠች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ የምትማር ልጅ ናት።

«ሶሪ ጋሼ» አለችኝ፤ «ግን ኤር ጋን ነው አይደል? ባሩድ ከሌለው ጭሱ ከየት መጣ?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ብሆን ኖሮ የምጠይቀው ጥያቄ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ግንባሯን እስማት ነበር።

«ሁለት ዓመት ተምረሽ ሰባ ዓመት ልትፈትኚ መጣሽ?» አልኳት። ገበታው ሁሉ ሳቀ። አባቷ አልሳቀም፤ ተነሥታ ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አዘዛት። ተነሣች፣ አንገቷን ደፍታ ጠየቀችኝ። እኔም ባረክኋት። ሌባው ባረካት።

ታደለን አውቀዋለሁ። ስነግረው «ጋሼ ተሳስተው ነው፤ ሰው ይሳሳታል» ብሎ በሩን ይከፍትልኛል። በዚያ በር አልወጣም። አልተሳሳትኩም። ልኬቴ ልክ ነበር፤ ልክ ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ይህም አንድ ዓይነት ትዕቢት ነው ትሉኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ ሰው መሆን አልቻልኩም።

እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ብርድ ልብሱን ይዤ እነሣለሁ። የማርቆስን ጠመንጃ ለወንድሙ እሰጣለሁ። ከእሱ ይቅርታ እለምናለሁ፤ ቢነፍገኝም አላዝንበትም። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞሬ፣ በገበታው ፊት እንዳሳፈርኳት በጉባኤው ፊት፣ ለማንም ብዬው የማላውቀውን እላታለሁ፤ ልክ ነሽ ሩት። ጭሱ የዘይት ነበር።