ዞኮሎ የያዙልኝ ሽማግሌዎች

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አባቴ ሊሸኘኝ ከከተማችን ከአማኑኤል ድረስ መጥቶ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰው ልጁን ሲሸኝ ይመርቃል፤ የኔው አባት መረቀኝና አንድ ነገር ጨመረበት። «ደግ ደጉን በስልክ እንነግርሃለን። ክፉ የመጣ እንደሆን ግን በስልክ አይነገርም፤ ሰው ይላክብሃል» አለኝ። አውቶብሱ የአባይን በረሃ ሲወርድ ሌላው ተሳፋሪ ያንቀላፋል፤ እኔ ይህችን ነገር አመነዥካለሁ።

የሱዳንንና የባሕሩን ጉድ ከኔ በፊት የመጡት ነግረዋችኋልና አልደግመውም። አሁን ያለሁት ጀርመን አገር ነው፤ ታናሽ እህቴ ሰናይትም ኋላ መጥታ አብራኝ ትኖራለች። ምን ልበላችሁ፣ አገሩ ንጹሕ ነው፣ ዳቦው ግን የጥርስ ፈተና ነው። የእኛ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል፤ የዚህኛው ፀሐይ እያለችም ከቤት አይወጣም። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት አንድ ነገር ነው፦ ሁለት ሐበሾች አብረው ወደ ደጄ ሲመጡ ካየሁ የአባቴ «ሰው ይላክብሃል» ትዝ ይለኛል።

የተከራየነው ቤት አሮጌ ነው። ወለሉና ግድግዳው ተኳርፈው በመሃላቸው ነፋስ ይገባል። ይህን ክፍተት ዙሪያውን የሚሸፍነውን ጠባብ ጣውላ፣ አገር ቤት አናጢዎች ዞኮሎ የሚሉትን፣ ራሴ ልገጥም አስቤ አከራያችንን ፍራው ክሌምን ላስፈቅድ ወረድኩ።

«ግድግዳው ጠማማ ነው» አልኳት።

«ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው» አለችኝ።

«ክፍተቱን ይዩት እንጂ፤ እጄን ያስገባል።»

«እጅዎን እዚያ ምን ሊያደርጉ ያስገባሉ?»

በመጨረሻ ፈቀደች፤ ድምፅ ማሰማት ግን «ፌርቦተን» ነው፣ ክልክል። ያለ ድምፅ እንጨት እንዴት እንደሚቆረጥ አልነገረችኝም።

ያን ሰሞን የአባቴን ድምፅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ሲገኝም ወንድሜ አንዱዓለም ያነሳና «ተኝቷል» ይለኛል። አባቴ በቀን የሚተኛ ሰው አይደለም። ዛሬም ተኝቷል፣ ነገም ተኝቷል ሲለኝ የደበቁኝ ነገር አለ ብዬ ጠረጠርኩ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጣውላዬን ዘርግቼ ሳለ በር ተደወለ። ብከፍት ጋሽ ሞላና ጋሽ በላይነህ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያናችን የሚከበሩት ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች። ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ እንመጣለን ብለው አልደወሉም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«ግድ የለም፣ እንቆማለን» አሉ ጋሽ ሞላ።

«ሻይ ላፍላ?»

«ኋላ ይደርሳል። ሰናይት የለችም?»

«ሥራ ገብታለች።»

ተያዩ። «ይሻላል» አሉ ጋሽ ሞላ ቀስ ብለው። «አባትህስ እንዴት ናቸው?»

መርዶ መሆኑን ያኔ አወቅሁ። እህል አይቀምሱ፣ አይቀመጡ፣ እህቴ አለመኖሯ ደስ ብሏቸዋል። ከአፋቸው ካልወጣ ግን አባቴ አልሞተም። ሞኝነት ነው፤ እኔ ግን እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

«እንኳን መጣችሁ! ይቺን ይያዙልኝ» ብዬ ጣውላውን ጋሽ በላይነህ እጅ ላይ አደረግሁት።

አገር ቤት ቢሆን ጭቃ በጭድ አቡክቼ፣ በመዳፌ ለስኜ እጨርሰው ነበር። ጣውላ እንደ ጭቃ አይታዘዝም፤ የግድግዳው እብጠት ላይ ያርፍና ግራ ቀኙ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ ጣውላውን ግድግዳው ሥር አስይዤ፣ እርሳሴን ትንሽ እንጨት ላይ አስደግፌ ወለሉን እየተከተልኩ ጎተትኩ። የወለሉ ውጣ ውረድ እንዳለ ጣውላው ላይ ተሣለ። በመሥመሩ ልክ ቆርጬ በመላጊያ አስተካከልኩት። ግድግዳው የጎደጎደበት ቦታ ከኋላ ሽብልቅ እየወተፍኩ በብሎን አሰርኩ። ጋሽ ሞላ ጉሮሯቸውን በጠረጉ ቁጥር የኤሌክትሪክ መጋዙን አስነሳለሁ። «ልጄ፣ እኛ እንኳን ...» ዝዝዝዝ!

«አያትህስ ማን ይባሉ ነበር? የየት ሰው ናቸው?» አሉኝ በመሃል ጋሽ በላይነህ፣ ተንበርክከው ጣውላ እንደያዙ። ለለቅሶው ዘመድ ሊቆጥሩ ነው ብዬ መጋዙን አልለቀቅሁም።

በሩ ተደበደበ። ፍራው ክሌም ናት። ጥቁር የለበሱትን ሁለት ሰዎች ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«የምን ስብሰባ ነው?»

«ዞከልላይስተ» አልኳት። ዞኮሎ በነሱ ቋንቋ እንዲህ ነው።

«ለአንድ ጣውላ ሦስት ሰው?»

«ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው።»

የመጋዙን ገመድ ከሶኬቱ ነቅላ ወጣች። ቤቱ ፀጥ አለ። ጋሽ ሞላ ካፖርታቸውን ከሰጋቱራ አራግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እንግዲህ ልጄ፣ የመጣንበትን ጉዳይ ...»

«አባቴ መቼ ሞተ? ተናገሩ በቃ!» ብዬ ጮህኩ።

«በስመ አብ! ማን ሞተ አለህ?» አሉ ጋሽ ሞላ ደንግጠው። «ሽማግሌ ሆነን እኮ ነው የመጣን! ሰናይትን ለእህቴ ልጅ ልንጠይቅ፤ እሷም ታውቃለች።»

«ታዲያ ለምን አትቀመጡም?»

«እሺ ሳይባል የሚቀመጥ ሽማግሌ የት አይተሃል?»

«እኔስ ሽምግልና ሄጄ ጣውላ ሲያስይዙኝ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው» አሉ ጋሽ በላይነህ ጉልበታቸውን እያሹ።

ሳቅሁም አለቀስኩም። እሺ ማለት ያለበት አባቴ ስለሆነ እዚያው ደወልኩ። እግዜር ሲረዳኝ መስመሩ ገባ።

«ተኝቷል» አለኝ አንዱዓለም።

«ቀስቅሰው። ድምፁን ሳልሰማ አልዘጋም።»

ብዙ ጠበቅሁ። ሳል ሰማሁ፤ ቀጥሎ ቀጠን ያለ ድምፅ።

«ምን ሆናችኋል? ሰናይት ደህና ናት? እውነቱን ንገረኝ!» አለ አባቴ። እሱም እንደኔው መርዶ ነው የጠረጠረው።

ነገሩን አስረዳሁት።

«ሽማግሌዎቹ ቆመዋል?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ነውር ነው፣ አስቀምጣቸው። በኔ ቦታ አንተ ተቀመጥና እሺ በል።»

«አባዬ፣ አንተስ? አሞሃል እንዴ?»

«ደግ ደጉን እናውራ» አለኝ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

አባታችን እሺ ብሏል ብዬ ሽማግሌዎቹን አስቀመጥኳቸው። በአባቴም ቦታ ልቀመጥ ብዬ ወንበር ሳብኩ። ስልኩን እንደያዝኩ አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ፤ መቀመጥ አቃተኝ።