ፈተና ላይ ያቆምኩት ማሽን

ዛሬ የኮሌጁን ትልቁን የእንጨት መቁረጫ ማሽን ሥራውን ሳይጨርስ አቆምኩት። ያውም ፈተና ላይ።

የእንጨት ሥራ ተማሪ ነኝ። በኮሮናው ሎክዳውን ምክንያት ማሽኑን ለወራት የማውቀው በስልክ ቪዲዮ ብቻ ነበር፤ እዚህ በስደት አገር፣ ሜይፌር የሚባል ሰፈር ባለው ሱቃችን ውስጥ፣ የዘይት ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ። ዳታ ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል።

ዛሬ ለፈተናው ማስክ አድርገን አንድ በአንድ ገባን። ማሽኑ የሚታዘዘው በኮምፒውተር ነው። ጣውላውን ማሽኑ ላይ አስሬ የወንበር መደገፊያ ንድፍ ሰጠሁት፤ መቁረጥ ጀመረ።

ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተለወጠብኝ። አባቴ አገር ቤት አናጺ ስለነበር፣ እንጨት ሲቆረጥ ጆሮሽን ስጪው እያለ ነው ያሳደገኝ። ሳላስበው ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩት።

«ለምን አቆምሽው?» አሉኝ አስተማሪዬ።

«ድምፁ ደስ አላለኝም።»

በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ሳቁ። እኔ በቃ ወደቅኩ አልኩ።

አስተማሪዬ ጎንበስ ብለው ጣውላውን ነካ ሲያደርጉት ተንቀሳቀሰ። ለካ በደንብ አላሰርኩትም! ትንሽ ብዘገይ ተፈናጥሮ ይመታኝ ነበር።

«ሻርፕ፣ ጎበዝ! አጥብቀሽ እሰሪና እንደገና ጀምሪ» አሉኝ። አልሐምዱሊላህ፣ አለፍኩ።

መደገፊያውን ሱቅ ወስጄ ለአባቴ ሰጠሁት። የሚያስተናግደውን ደንበኛ አስቁሞ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ይሄንን በእጄ ለማውጣት እኔ ቀኑን ሙሉ ነበር የምለፋው» አለ። ቀጠለና፣ «እዚህ ጋ ግን ትንሽ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይፈልጋል።»

እናንተስ፣ የቤተሰብ ምክር ሥራ ላይ ያዳናችሁ ቀን አለ? ጻፉልኝ፣ ለአባቴ አነብለታለሁ።