ያስቀረሁት ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ልጁን ሲድር፣ ወጣቶች ለመጠጡ የመጣውን ትልልቅ በረዶ በብረት እየሰበሩ በርሜል ውስጥ ይጨምሩ ነበር፤ እኔም በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ ደረቁን ምት፣ ቀጥሎ የበረዶውን መሰንጠቅ፣ ከዚያ የስብርባሪውን መንኳኳት ስሰማ፣ መጽሐፌን አጥፌ ወደ ጓዳ ገባሁ። ልጆቼ ምን ሆንክ ብለው አልጠየቁኝም፤ አባታቸው ብዙ የማይጠየቅ ሰው መሆኑን ያውቃሉ። ይህን ጠባይ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ፣ አሁን ግን እየከበደኝ ስለሄደ፣ ያንን ድምፅ ለምን እንደምሸሸው ልጻፈው።

እናቴ ኛቦል በልጅነቷ ከጦርነት ሸሽታ ጋምቤላ የገባች፣ በስደተኞች ሰፈር አድጋ ኋላ አዲስ አበባ የኖረች የኑዌር ሴት ናት። አባታችን እዚያው ሞቶ፣ አገራችን ሰላም ሆነ ሲባል፣ እኔን የአሥራ ሁለት ዓመቱን ጋትሉዋክንና የሰባት ዓመቷን እህቴን ኛዳክን ይዛ ጁባ ገባች። ሀይ ጀላባ በሚባል ሰፈር አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል አከራይቶን፣ ቤት ውስጥ አማርኛና ኑዌርኛ እየቀላቀልን፣ ውጭ ደግሞ ገና የማናውቀውን የጁባ ዓረብኛ እየተንተባተብን እንኖር ነበር።

በበጋ እናቴ የጁባ የወንዝ ወደብ ላይ ቀዝቃዛ ውኃና ከቀይ አበባ የሚፈላውን ከርከዴ ትሸጥ ነበር። ማለዳ በረዶ ገዝታ፣ ሰብራ፣ በሁለት ትልልቅ የፕላስቲክ ሳጥኖች ከጠርሙሶቹ ጋር ደርድራ፣ ጀልባዎቹ ጭነት ከሚያራግፉበት ዳር ካለው ዛፍ ሥር ትቀመጥ ነበር። ወዛደሮቹ ከነላባቸው ሲመጡ ከላይ ያለውን ጠርሙስ በጭራሽ አይቀበሉም፤ «ሞያ ባሪድ፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ማማ! ከታች፣ ከታች!» እያሉ ሲጮኹ፣ እሷ እጇን እስከ ክርኗ በረዶው ውስጥ ነክራ ከሥር እየፈለገች ታወጣላቸው ነበር።

ጣቶቿ ነጭ መሆን የጀመሩት ጁባ በገባን በሁለተኛው በጋ ነው። ከበረዶው ስታወጣቸው መጀመሪያ እንደ ኖራ ይነጣሉ፣ ቀጥለው ይጠቁራሉ፣ ቆይተው ቀልተው ያቃጥሏታል። ዴንግ የሚባል ረጅም ወዛደር ነበር፣ ማንንም ሳይተርብ የማያልፍ፤ አንድ ቀን ጣቶቿን አይቶ «ማማ፣ ጣትሽ ከዋጃ ሆነ እኮ!» አላት። ፈረንጅ ሆነ ማለቱ ነው። እሷም ጠርሙሱን እየሰጠችው «አዎ፣ የከዋጃ ደሞዝ ግን ገና አልላኩልኝም» አለችውና ወደቡ ሁሉ ሳቀ። እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

ዝናቡ ሲገባ ግን የሚያስቅ ነገር አልቀረም። የእጇ ቆዳ ተወጥሮ የሚያብለጨልጭ ሆነ፣ ቡጢ መጨበጥ አቃታት፣ የጋብቻ ቀለበቷን የሱቁ ባለቤት በመቁረጫ ቆርጦ አወጣላት። አፏ ጠበበ፤ የምትውጠው ምግብ ደረቷ ላይ ቆሞ ውኃ እስክትጠጣበት ድረስ ትንፋሿን ትይዝ ነበር። የጓሮው ውኃ ቧንቧ ላይ ከሚቀዱት ሴቶች አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች፣ ሌላዋ የሥጋ ደዌ ነው አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ስትመጣ ጀሪካናቸውን ሰብሰብ ያደርጉ ነበር።

ቶንፒንግ በሚባለው ሰፈር ወደነበረ ክሊኒክ የሄድነው በዚያ የዝናብ ወቅት ነው። ሐኪሙ ከኬንያ የመጣ፣ ከእንግሊዝኛ በቀር የሚያግባባን ቋንቋ የሌለው ሰው ነበር። እኔ እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት መምህር ብዙ ጊዜ ከማይገባበት ክፍል ሳይሆን፣ ሽፋኗ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላትና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነበር፤ በዚህም ከልኩ በላይ እኮራ ነበር። እናቴ ወረፋ ላይ ለተቀመጡት ሴቶች ሁሉ «የሚተረጉምልኝ ልጄ ነው፣ ማንም ሳያስተምረው ነው ያወቀው» እያለች ትነግር ነበር።

ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ነበር። በሽታው ስክሌሮደርማ እንደሚባል፣ ሰውነትን ከጀርም የሚጠብቀው ኃይል በስሕተት በራሱ አካል ላይ ዞሮ፣ ቆዳንና የውስጥ አካላትን አያይዞ የሚይዘው ጅማት መሰል ነገር ከመጠን በላይ እንዲበዛ እንደሚያደርግ፣ ቆዳዋ የጠነከረውና ጉሮሮዋ አላሳልፍ ያለው በዚህ እንደሆነ በወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። እኔም ተረጎምኩ። ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ እርግማንም የሥጋ ደዌም እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ይህን ስተረጉምላት እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ባይኖርም አብረውት መኖር እንደሚቻል፣ ክኒኑን ሳታቋርጥ እንድትወስድ፣ እጇን በየቀኑ ቅባት እየቀባች እንድታፍታታ፣ ምግብ ጥቂት ጥቂት እንድትበላ፣ ስትተኛ ራሷን ከፍ እንድታደርግ መከረ፤ ሁሉንም ተረጎምኩ።

ከዚያ ሥራዋን ጠየቀኝ። ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። «ከሁሉም የሚብሰው ጠላቷ ብርድ ነው» አለኝ። «ብርድ ሲነካት የጣቶቿ ደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ደም ካልደረሰ ይቆስላል፣ ሥጋውም ሊሞት ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ እጇ በረዶ ውስጥ እንዳይገባ። ሌላ ሰው ይሥራላት።»

ሌላ ሰው የሚባለው እኔ ነበርኩ። ኛዳክ ሳጥኑን እንኳ በቅጡ አትደርስበትም። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ እጫወት ነበር፣ የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥም በዚያው ሰሞን ገብቼ ነበር፤ በእኛ ሰዎች ዘንድ ውኃና መጠጥ መሸጥ የሴት ሥራ ስለሆነ፣ ከሳጥን ጀርባ ተቀምጬ ጓደኞቼ ሲያዩኝ የሚሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ሐኪሙ መልሶ ብዕሩን እስኪያነሣ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ክፋት ጊዜ አይፈልግም።

እናቴ «ይሄን ሁሉ ምን አለ?» አለችኝ።

«ክኒኑን እንዳትረሺ ነው የሚለው።»

«እሱ ይሄን ያህል አውርቶ፣ አንተ እንዴት አሳጠርክብኝ?»

«አንዱን ነገር ደጋግሞ ነው የሚያወራው፣ እማዬ።»

ፈገግ ብላ «እንደ አጎትህ ነዋ» አለችና ለሐኪሙ በአክብሮት ጎንበስ አለችለት። እሱም የገባት መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

ለዓመታት ራሴን ስከላከል፣ ጁባን በሚያህል ሞቃት አገር ብርድ ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያምናል እል ነበር። ውሸት ነው። አምኜዋለሁ። በዓይኔ ነጭ ሲሆኑ ያየኋቸው ጣቶች ነበሩ።

ቀጣዩ በጋ ሲመጣ እናቴ የተባለችውን ሁሉ ታደርግ ነበር። ክኒኗን ሰዓቷን ጠብቃ ትውጣለች፣ እጇን ትቀባለች፣ ከትራሷ ሥር ልብስ ትደራርባለች፤ ከዚያ ማለዳ ተነሥታ ያንኑ እጅ በረዶ ውስጥ ትነክረዋለች። እኔ ኳስ እጫወት ነበር። ማታ ሳጥኖቹን ተሸክሜ ወደ ቤት ስመልስ ዴንግ «ይሄ ጎበዝ ልጅ!» ሲለኝ፣ ምስጋናውን ዝም ብዬ እቀበል ነበር። በቀኝ እጇ ጠቋሚ ጣት ጫፍ ላይ ምስር የምታህል ቁስል ወጣች፤ አልድን ብላ ሰፋች፣ ዙሪያዋም ጠቆረ። እናቴ «ክኒኑን አንድ ቀን ዘልዬ ይሆን?» እያለች ራሷን ትመረምር ነበር። ጥፋቱን በራሷ ላይ ስትፈልግ እያየሁ ወደ ኳሴ እሄድ ነበር።

ወደ ሐኪሙ ስንመለስ ጣቷን አይቶ ቀና ብሎ አየኝ። እኔን ትቶ ወደ እሷ ዞረና፣ ሁለት ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጥፎ ተንቀጠቀጠ፣ ጣቷን አሳየ፣ ራሱንም ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

«ብርድ ነው የሚለው?» አለችኝ እናቴ። «ያኔም ብሎ ነበር?»

«አላስታውስም» አልኩ።

የጣቷ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ተቆረጠ። ኳሱን ተውኩ፣ ከሳጥኑ ጀርባ ተቀመጥኩ፣ ጓደኞቼም የፈራሁትን ሁሉ አሉኝ፤ በሁለት ሳምንት ግን ሰለቻቸው። አንድ ጣት የከፈልኩበት ፌዝ ሁለት ሳምንት አልሞላም። ሥራውን መሥራቴ ግን መናዘዝ አልነበረም፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ ስላመሰገነኝ ውሸቴ ይበልጥ ተመቻቸ። ልጆቼን «ጥፋትን በሥራ መሸፈን ይቅርታ መጠየቅ አይደለም» እያልኩ ስቆጣቸው፣ ከየት እንዳገኘሁት አያውቁም።

የተናገርኩት በሚቀጥለው ዝናብ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን፣ እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ እጇን እየቀባች፣ ለመጠለል የገባች ጎረቤታችንን ታጫውት ነበር። «እኔ እኮ ጆሮ የለኝም» አለቻት። «ጆሮዬ ይሄ ልጅ ነው። እሱ ባይኖር የሐኪሙ ቃል ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር።» ሴትየዋ እስክትሄድ ድረስ ግድግዳውን እያየሁ ቆየሁና፣ «እማዬ፣ ብርዱን መጀመሪያም ብሎ ነበር» አልኳት። «እጅሽ በረዶ እንዳይነካ፣ ሌላ ሰው ይሥራላት ብሎ ነበር። ኳሴን ብዬ ነው ያስቀረሁት።»

ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ በወደድኩ። ቅባቱን ከድና አስቀመጠች።

«ሌላስ ያስቀረኸው አለ?»

«የለም፣ እማዬ። እምልልሻለሁ።»

«እንዴት ላውቅ እችላለሁ?» አለች። በቁጣ አልነበረም። እውነትም መልሱን የምትፈልግ ትመስል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምግቤን አላጓደለችብኝም፣ ስሜን ስትጠራም ድምፅዋ አልተለወጠም። ቀጠሮዋ ሲደርስ ግን አዲሱን ነጠላዋን ለበሰችና «ኛዳክ፣ ተነሺ» አለች። ኛዳክ አሥር ዓመቷ ነበር፤ እንግሊዝኛዋ ቀለማትና የሳምንቱን ቀናት ከመጥራት ብዙም አያልፍም። እናቴ የእኔን ሙሉ እንግሊዝኛ ትታ የእሷን ጎደሎ ይዛ ሄደች፤ ሐኪሙ እየሣለ፣ ኛዳክ የማታውቀውን «አላውቀውም» እያለች፣ ግማሽ ቀን ፈጅተው ተመለሱ። አገሪቱ ነጻ በወጣችበት ዓመት ኛዳክ ከእኔ የተሻለ ተርጓሚ ሆና ነበር።

ዛሬ እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። አፏ ስለጠበበ የሕፃን ማንኪያ ትጠቀማለች፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ በዚህ ሙቀት ጓንት አድርጋ የሚያያትን ሁሉ እያሳቀች ገበያ ትወጣለች። እኔም ስለዚህ በሽታ ያገኘሁትን ሁሉ በራሴ አንብቤያለሁ፤ ሳንባዋን በየጊዜው ለምን እንደሚለኩ፣ የደም ግፊቷ በድንገት ቢጨምር ኩላሊቷን ለምን እንደሚያሰጋ አውቃለሁ። ማንም ግን አይጠይቀኝም። በቀጠሮዋ ቀን መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ፣ ወደ ውስጥ የምትገባው ባል አግብታ ሌላ ሰፈር የምትኖረው ኛዳክ ናት። ባለፈው ጊዜ አብራን የመጣችው ትልቋ ልጄ «አባባ፣ አንተ ለምን አትገባም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ ውሸትን ከቤቴ ነቅዬ አጠፋለሁ የምለው ሰው «ክፍሉ ጠባብ ነው» አልኳት። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የማነበው ለእሷ ነው።

ያኔ በሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጬ፣ የትኛው ቃል ይለፍ፣ የትኛው ይቅር ብዬ የምወስነው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ እጠብቃለሁ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲወጡ ተነሥቼ «ምን አለ፣ እማዬ?» እላታለሁ። እሷም ጓንቷን እያስተካከለች «ደህና ነሽ ብሎኛል» ትለኛለች፣ ኛዳክ ወደ ሌላ ትመለከታለች፣ እኔም ሌላስ አለ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ የመኪናውን በር እከፍትላታለሁ።