አርጃኖና ኤሊ በአንድ አጥር

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ልጆቼን ያሳደግሁት ጣና ዳር ባለች አንዲት ትንሽ መካነ እንስሳት ውስጥ ጎመን እየከተፍሁ፣ ውኃ እየቀዳሁ፣ በረት እየጠረግሁ ነው። መካነ እንስሳት መባሏ ራሱ ድፍረት ነው። ስድስት አጥር ናት። ጦጣ፣ ድኩላ፣ ኤሊ፣ አርጃኖ፣ ዝይ፣ ጅብ፤ በዚሁ አለቀች። አርጃኖን የማያውቅ ካለ፣ ከክንድ በላይ የሚረዝም፣ ከውኃ ዳር የማይርቅ ትልቅ እንሽላሊት ነው። ሐይቁ ዳር በነፃ ሲንጎማለል የሚውለውን አርጃኖ፣ የከተማ ሰው ከፍሎ ይገባና በሽቦ ቀዳዳ ያየዋል። የሰው ነገር።

ጅቡን ከሁሉም አርቀን ጥግ ላይ ያስቀመጥነው እኛ ሠራተኞቹ ነን። ድኩላዋ ሽታው ከደረሳት አፏ አይከፈትም። ይህን ማንም አላስተማረንም። ሁለት ቀን ሣሯ ሳይነካ ሲያድር አየን፣ ቦታ ቀየርን።

ባለፈው ዓመት አዲስ ኃላፊ መጣ። ስለ እንስሳት የተማረ፣ ከመጀመሪያ ልጄ የሚያንስ ወጣት ነው። አለቃ ነውና አንቱ እለው ነበር፤ በሆዴ ግን አንተ ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከኤሊዋ አጥር ግንብ አጠገብ ባለው ዋርካ ሥር ሰበሰበን።

«ከእንግዲህ ጦጣ፣ ጅብ የሚል የመንደር ስም አልሰማም። እያንዳንዱ እንስሳ ሳይንሳዊ ስም አለው» አለ።

ከሰባታሚት የሚመላለስ ሣር አጫጅ ባልደረባ አለኝ። እሱ እጁን አወጣና፣ «ጌታው፣ ጅቡ ስሙን ያውቀዋል?» ብሎ ጠየቀ።

እኛ ሳቅን። ኃላፊው አልሳቀም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከኮሌጅ እንግዶች እንደሚመጡ፣ በእነሱ ፊት እንደምንፈተን ነገረን። ያለፈ ከእንስሳቱ ጋር ይቀጥላል። የወደቀ የግቢውን በርና መንገድ ወደ መጥረግ ይዛወራል።

መጥረጊያ አልፈራም። የፈራሁት ሌላ ነው። በእጄ ያደገችው ኤሊ በዚያው ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል ቀብራ ነበር። አሥራ አንድ ናቸው፤ ስትጥል ቆሜ አይቻለሁ። ኤሊ ቀብራ ትሄዳለች እንጂ አትጠብቅም። የሚጠብቅላት ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ ስሞቹ የተጻፉበትን ወረቀት ተቀበልሁ።

አባቴ በዘጌ በኩል የንባብ መምህር ነበሩ። ሴት ናት ሳይሉ ዳዊት አስደግመውኛል። እኔም ይህን ባዕድ ስም እንደ ዳዊቱ ያዝሁት። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ቆጠርሁት፤ ቀጥሎ እያዜምሁ በውርድ ንባብ አወረድሁት፤ በመጨረሻ በቁም ንባብ ሮጥሁበት። ጠዋት ጠዋት ባልዲዬን ይዤ በአጥሮቹ ፊት ሳልፍ ለእያንዳንዱ ስሙን እጠራለታለሁ። ጦጣዋ ክሎሮሴቡስ ኤቲዮፕስ። ድኩላዋ ትራጌላፉስ ስክሪፕቱስ። ኤሊዋ ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ። አርጃኖው ቫራኑስ ኒሎቲኩስ። ዝይዋ አሎፖኬን ኤጂፕቲያካ። መጨረሻ ላይ ጅቡ፣ ክሮኩታ ክሮኩታ። ሁለት ጊዜ ነው። ጅብ አንድ ጊዜ መጠራቱ አንሶበት።

እውነቱን ለመናገር ዜማ ሲገባበት ለአፍ ይጥማል። የተረፈው ግን ገረመኝ። መደብ፣ ወገን፣ ዝርያ እያለ ወረቀቱ ሁለት ገጽ ይሄዳል። ሙሴ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳውን ብሉ፣ ሌላውን ተዉ ብሎ ጨርሶታል። ቢሆንም ተማርሁ። ዳዊት የደገመ አፍ ስድስት ስም ያቅተዋል ብዬም አላሰብሁም። ትዕቢት ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

የፈተናው ዋዜማ ቅዳሴ አስቀድሼ ስገባ ግቢው ተተራምሷል። ኃላፊው እንስሳቱን ከአጥር አጥር እያዛወረ ነው። ጅቡ በድኩላዋና በኤሊዋ መካከል አዲስ በታጠረ ቦታ ገብቷል። አርጃኖው ኤሊዋ አጥር ውስጥ ገብቷል።

«ምን ሆነው ነው?» አልሁት።

«በየመደባቸው ነው፣ እማማ። አጥቢ ከአጥቢ፣ ወፍ ከወፍ፣ ተሳቢ ከተሳቢ። እንግዶቹ ሲያዩት እንዲገባቸው።»

«ድኩላዋ እኮ ጅብ አጠገቧ ካደረ አትበላም።»

«ሁለቱም አጥቢ ናቸው።»

«ቃየልንና አቤልንም ያጠባቻቸው አንዲት ሔዋን ናት።»

ባልደረባዬ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ኃላፊው ወረቀቱን አየ።

«አርጃኖውስ? እንቁላል በሊታ ነው። እሷ ደግሞ እዚያች ጥግ ቀብራለች» አልሁት።

«ምግቡን በሰዓቱ ካገኘ ለምን ይቆፍራል? እማማ፣ እርስዎ ነገ ያለብዎትን ፈተና ያስቡ።»

በማግስቱ ሁለት እንግዶች መጡ። ባልደረባዬ ስሞቹን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፏቸው ኖሮ፣ ያላበው እየመሰለ ግንባሩን እየጠረገ አንድም ሳይስት አነበበ። አጨበጨቡለት።

ተራዬ ደረሰ። ጦጣዋን ጠራሁ። ድኩላዋን ጠራሁ። ሦስተኛው አጥር ላይ ስደርስ አፌ እንደለመደው፣ «ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ» አለ። ፊቴ የቆመው ጅቡ ነው።

አንደኛው እንግዳ፣ «ይቺ ኤሊ ጥርሷ አያምርም?» አለ።

ተሳቀ። እኔ ስሞቹን ያጠናሁት በአጥሮቹ ተርታ ነበር። እንደ መዝሙር አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የሚመጣ፤ ከመካከል ከተነካ ይጠፋል። «ከመጀመሪያው ልጀምር» አልሁ። ኃላፊው ሰዓቱን አየና፣ ጊዜ የለንም አለ። ዝይዋን አርጃኖ አልኋት። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጠፋኝ።

እንግዲህ የዘንድሮ ዕውቀት እንዲህ ነው። ኤሊዋ መቼ እንደምትበላ፣ መቼ እንደምትታመም፣ እንቁላሏ የት እንዳለ የሚያውቅ ወደቀ። መዳፉን ያላበው አለፈ።

መጥረጊያዬን ይዤ በር ላይ ዋልሁ። ለዚያም ተመስገን፤ ዳቦ ነው። ግን ልቤ ከውስጥ ነበር። ባልደረባዬ ምሳ ሰዓት ላይ እየመጣ ይነግረኛል።

«እታለም፣ ድኩላዋ ጎኗ ገባ።»

«አርጃኖውስ?»

«ሲቆፍር ይውላል። ልከለክለው ስገባ ጅራቱን እንደ ጅራፍ አወናጨፈብኝ። እኔ እንደሆነ የልጆች አባት ነኝ።»

«ለኃላፊው አትነግረውም?»

«ነገርሁት። መቆፈር ተፈጥሯዊ ባሕርዩ ነው አለኝ።»

እኔም ሄጄ ነገርሁት። «እማማ፣ የተመደቡበት ሥራ ላይ ያተኩሩ» ብሎ መለሰልኝ። መደብ መውደዱን ቀድሞም አውቅ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሆነ። አንድ ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ራሱ ወደ በሩ መጣ። እጁ ላይ ነጭ የእንቁላል ቅርፊት ይዟል።

«እማማ፣ ኤሊዋ የቀበረችው ስንት ነበር?»

«የሳይንሱን ስም ልንገርዎ ወይስ ቁጥሩን?»

አንገቱን ደፋ። ክፉ ቃል ነበር፤ ግን አልጸጸተኝም።

«አሥራ አንድ» አልሁት።

«የሰባት ቅርፊት አገኘሁ። ድኩላዋም ዛሬ አልተነሣችም። የበላይ ኃላፊዎች ሊጎበኙን ነው... ወደ ቦታዎ ይመለሱ።»

«እመለሳለሁ። አርጃኖውና ጅቡም ወደ ቦታቸው ይመለሱ።»

«ሰሌዳውስ? በመደብ ተጽፎ ተሰቅሏል እኮ።»

«ሰሌዳው ይሰቀል። እሱ አይበላም፣ አይበሉትም።»

መጥረጊያዬን አጥሩ ላይ አስደግፌ ገባሁ። ባልደረባዬ በረዥም እንጨት፣ እኔ በጆንያ ሆነን አርጃኖውን አወጣነው። ከዚያ ጥጉ ላይ ተንበርክኬ አፈሩን በጣቴ መግፋት ጀመርሁ። ኃላፊው አጠገቤ ቁጢጥ አለ። መጀመሪያ የወጣው ስብርባሪ ነው። አንድ ስንዝር ወረድሁ፤ ባዶ። ትንሽ ወደ ግንቡ ጠጋ ብዬ ስገፋ ጣቴ ለስላሳና ክብ ነገር ነካ። ከጎኑ ሌላ። ቅርንጫፍ የሚያህል የዋርካ ሥር በላያቸው አልፎ ኖሮ፣ የአርጃኖው ጥፍር እዚያ ላይ ቆሟል። ወደ ጎን ሁለት ተጨመሩ። አራት።

አማተብሁ።

«ይፈለፈላሉ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ወደ ሙቅ ክፍል ብናስገባቸው? ያነበብሁት...»

«አይንኳቸው! እንዳሉ ይቆዩ። አፈሩን ይመልሱ፣ በእጅዎ፣ ቀስ ብለው።»

መለሰ። እፍኝ በእፍኝ፣ ሕፃን እንደሚያለብስ ሲያለብሳቸው ስላየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ በሆዴም አንቱ አልሁት፤ ብዙ ግን አልቆየሁበትም። ድኩላዋ አሁንም ተኝታ ስለነበር ጅቡን የምናዛውርበትን ገመድ ፍለጋ ተነሣሁ።