ሞተሬን ያስነጠቀኝ ድምፅ

ሰሞኑን እንጅባራ ላይ አንድ ጎረምሳ ሞተሩን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ ጆሮውን የፊት ጎማው ላይ ለጥፎ አየሁት። የሚስመው ነበር የመሰለኝ። «ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንዲት ድምፅ አለች አባቴ፤ ስነዳ ትመጣለች፣ ላያት ስወርድ ትጠፋለች» አለኝ። ይኸኔ ሆዴ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ንዴት ብድግ አለ። በዚህ ዕድሜ ሰው የሚቀሰቀስበት የጉልበት ሕመም ነው፤ እኔ ላይ የሞተር ንዴት ተቀሰቀሰ።

በወጣትነቴ ዳንግላ ላይ ከብት አክም ነበር። አክም ስላችሁ ሐኪም እንዳልመስላችሁ፤ መርፌ ወጊ ነበርሁ፤ ከወጋሁት በሬ የረገጠኝ ይበዛል። መሥሪያ ቤቱ አንዲት ሞተር ነበረችው፤ እሷም እኔ እጅ ገባች። ፈረስ በሚወደስበት በአዊ አገር በሞተር እየተንደቀደቅሁ መንደር ስገባ ልቤ ያብጥ ነበር። ከማቅጠኔ የተነሣ ከሩቅ ለሚያይ ሞተሯ ብቻዋን የምትመጣ ይመስላል ይሉ ነበር። ውሸታቸውን ነው፤ ጢሜ ይታይ ነበር።

አንድ ክረምት ዝናብ እየደበደበኝ ከቆሰበር ወደ ጥሊሊ ስሄድ ከፊት ጎማው «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆየት ብሎ «ጧ፣ ጧ፣ ጧ!» ጎማው ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ ሌላውን በጥፊ የሚያጮል ይመስላል። ወርጄ ባይ ከጭቃ በቀር ምንም የለም። በማግስቱ ፀሐይ ወጥቶ ዳንግላ መካኒኩ ወርቁ ዘንድ ስደርስ ድምፁ የለም። ወርቁ ጎማውን ፈታ፣ ኩሽኔታውን አወጣ፣ አሽከረከረው፣ መልሶ ገጠመው። «ድምፁን አምጣልኝ፤ መግደሉን ለእኔ ተወው» አለ። ዝናብ በመጣ ጊዜ ድምፁም መጣ። ወርቁን ከኋላ ጭኜ ሳዞረው ደግሞ አገሩ ደርቋል፤ ሞተሯ እንደ ሙሽራ ጭጭ። «ወንድሜ፣ እስቲ ጆሮህን ታየው» ብሎኝ ወረደ። ያን ቀን እራቴን ሳልበላ ተኛሁ፤ ንዴት ያጠግባል።

ጥሊሊ ገበያ ላይ ያሉት ፈረሰኞችማ ሠርግ ሆነላቸው።

«ጎበዝ፣ በቅሎህ አነከሰች?»

«ጠጠር ገብቶባት ነው፤ ሰኮናዋን አንሣና እየው!»

ሰደብኋቸው። ከገበያው እንደራቅሁ ግን ወርጄ በካራ ጫፍ ጎማዋን ስጎረጉር ነበር። ከእናንተ ምን እደብቃለሁ?

ነገሩ አለቃዬ ጆሮ ደረሰ። አለቃዬ የመንግሥት ዕቃ ላይ ቀልድ አያውቅም፤ የግቢያችንን አጥር ነቀለ ብሎ አንድ ገበሬ ፖሊስ ጣቢያ ያሳደረ ሰው ነው። «አነዳድህ ነው ያበላሻት! እስከ ዓርብ ምክንያቱን ካላመጣህ ቁልፉን ለባልደረባህ ታስረክባለህ» አለኝ። በዚያ ክረምት ሞተር ማጣት ማለት የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ተሸክሞ የዘንገናን ጭቃ በእግር መግፋት ነው።

ሐሙስ ዕለት ከዘንገና ስመለስ ዝናቡ መጣ፤ ከኋላው ድምፁ ተከተለ። አሁንስ አልምርሽም ብዬ እዚያው ዝናቡ ውስጥ አቆምኋት፤ ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ከጭቃ መከላከያው፣ ከፓራፋንጎው ጀርባ የተጋገረውን ጭቃ በካራ መፋቅ ያዝሁ። ከሥሩ ምን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ጠፍር! የሞተሯ የፊት እግር ከላይ እስከ ታች በበሬ ቆዳ ተጠፍሯል። ጭቃው እንደ ልስን ሸፍኖት ነው ወርቁም እኔም ያላየነው። የጠፍሩ ጫፍ ዝናብ ሲነካው እንደ አንጀት ለስልሶ ይንጠለጠልና የጎማውን ሽቦዎች ይገርፋል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ተኮማትሮ ወደ ላይ ይሸሸጋል። ቋጠሮውን ሳየው ደሜ ፈላ። ሞፈርና ቀንበር እንዲህ አድርጎ የሚያስር አንድ ሰው ነው፤ አባቴ። ለሥራ ወደ ዘንገና ስወጣ የማድረው እሱ ቤት ነበር።

ተመልሼ ስገባ ደጅ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«አባባ፣ ይኸን ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

«ማን ያስርልህ ኖሯል? እግሯ ወልቆ ወደ ላይ ወደ ታች ስትል እያየሁ ዝም ልበል? በሬ እንኳ እንዲህ ሆኖ አይጠመድም።»

«ሞላ እኮ ነው! እንዲነጥር ሆኖ የተሠራ ነው!»

«የሚነጥር እግር ደግሞ የት አገር አየህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትፈታዋለሃ!»

ፊቱ ቆሜ ጠፍሩን በካራ በጣጠስሁት። እሱም በአዊኛ አንድ ነገር አለኝ፤ ወደ አማርኛ ባልመልሰው ይሻላል።

ዓርብ አለቃዬ ፊት ስቆም የተቆረጠው ጠፍር ኪሴ ውስጥ ነበር። «እህ፣ ተገኘ?» አለኝ። አውጥቼ ባሳየው «ማን አሰረው?» ይላል። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ፖሊስ ፊት «እግሯ ወልቆ ነው» ሲል ታየኝ።

«አልተገኘም» አልሁ።

ባልደረባዬ ቁልፉን ተቀብሎ ግቢውን ሁለት ዙር ዞረባት። ዝናብ ይዘንባል፤ ድምፅ የለም። «ይኸው!» አለ አለቃዬ፤ «አነዳድህ ነው አላልሁም?» ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ የበረዶውን ሳጥን በትከሻዬ ተሸክሜ ዘንገና ስደርስ አባቴ ከላይ እስከ ታች አየኝና ራሱን ነቀነቀ። «ጠፍሩን ባትቆርጠው ኖሮ ይቀሙህ ነበር?» አለኝ። ይኸንኑ ለጎረቤት አወራ፤ ሰንበቴ ላይ አወራ፤ እስኪሞት ድረስ አወራ። እኔም ፊቱ ሳቅሁ፤ እውነቱን ለመንገር አፌ አልታዘዘኝም።

ለወዳጅ ሲባል የተከፈለ ነገር ከጊዜ ብዛት ይጣፍጣል የሚሉ አሉ። ምላሳቸው ምን ቀምሶ እንደሆነ አላውቅም። እኔስ ዛሬም ሳስበው እበግናለሁ፤ በአለቃዬም፣ በአባቴም፣ ከሁሉ ይልቅ በራሴ። ነገ ያው አለቃዬ ጠርቶ «ተገኘ?» ቢለኝ ያው «አልተገኘም» ነው የምለው፤ ይኸም እንደ ገና ያናድደኛል።