ከመስኮታችን ሥር እምቢ ያለው ጎመን

በረኪና በሸተተኝ ቁጥር ልጅነቴ ያለፈበት የቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ይመጣብኛል። ሃያ ሁለት ሰፈር ከነበረው የኪራይ ቤታችን ወጥተን ምድር ቤቱ ስንገባ እማዬን ከሁሉ በላይ ያስደሰታት ከመስኮታችን ሥር ያለችው ጠባብ መሬት ነበረች፤ ገና ዕቃችን ተፈትቶ ሳያልቅ አጥራና ቆፍራ ጎመንና ቆስጣ ዘራችባት።

በበልጉ ዝናብ ዘሩ ቶሎ ብቅ ብሎ ሁላችንንም አስደሰተን፤ ጣት ካከለ በኋላ ግን ማደጉን ትቶ ይገረጣ ጀመር። እማዬ ውሃ አንሶት ነው ብላ ጠዋት ማታ ታጠጣው ነበር፤ ቀጥላ ውሃ በዝቶበት ነው ብላ ተወችው፤ በአካባቢው ከቀሩት ገበሬዎች ፍግ አስመጥታ ብትጨምርበትም ለውጥ አላመጣም። ጎረቤቶች ሲያልፉ «አልማዝ፣ ጎመንሽ ለዘንድሮ ይደርሳል?» እያሉ ይቀልዱባት ስለነበር፣ እየሳቀች መልሳላቸው ቤት ስትገባ ፊቷ ይጠቁር ነበር።

ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የወሎ ሴት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በረንዳቸው ላይ ልብስ ሲያጥቡ አንዳንዴ ውሃው ወደ ታች ይንጠባጠብ ነበር። ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ፣ እማዬ የገረጣውን ቅጠል እያየች ሳለ እትዬ ዘይነባ በረንዳ ላይ ከተሰጣው ልብስ የበረኪና ሽታ መጣባትና፣ እሳቸው ከገበያ እስኪመለሱ ደረጃው ሥር ጠብቃ ሰው ፊት ያዘቻቸው።

«አትክልቴን የገደሉት እርስዎ ነዎት። በረኪና የሚደፉብኝ ምን በድዬዎት ነው?»

እትዬ ዘይነባ ዘንቢላቸውን እንደያዙ «እኔ አልደፋሁም፣ ልጄ» ብለው ቀስ እያሉ ወጡ። ከእማዬ ኋላ ቆሜ ነበርና ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያ ወዲህ የልብሳቸውን እጣቢ በባልዲ ይዘው፣ በየደረጃው እያረፉ ወርደው፣ ግቢው ጥግ ካለው ቦይ ይደፉ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳገኛቸው ባልዲውን ልቀበላቸው ያምረኝና፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ማወቃቸው አሳፍሮኝ አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ውሃው መሬቷ ላይ ተኝቶ አልሰርግ አለ። አባዬ ነገሩ ገርሞት መቆፈር ሲጀምር ብዙም ሳይወርድ አካፋው ቋ ብሎ ቆመ፤ ለካ ግንበኞቹ የተረፋቸውን ሲሚንቶ ደፍተው፣ አፈር አልብሰውት ኖሯል። አንድ ጎመን ነቅሎ ሲያሳየን ሥሩ መውረጃ አጥቶ ወደ ጎን ተጠማዝዟል። አባዬ እማዬን ሳያያት «በይ እንግዲህ፣ ወደ ላይ ውጪ» አላት።

ዛሬ ነገ ስትል ቆይታ በመጨረሻ እጄን ይዛ ወጣች። በሩን አንኳኳች። እትዬ ዘይነባ ከፍተው አይተዋት «ግቢ እንጂ። አትክልቱስ ተሻለው?» አሏት።

እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። «ይቅር ይበሉኝ፤ ሰው ፊት አዋረድኩዎት።»

«አብሽሪ፣ ይቅር ብያለሁ» አሉ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

አባዬ ሲሚንቶውን ሰባብሮ አውጥቶ በአዲስ አፈር ሞላው፤ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ ጎመኑ ተንዠረገገና መጀመሪያ የተቀነጠሰውን ለእትዬ ዘይነባ እኔ አደረስኩ። መርቀው ተቀበሉኝ። እማዬ ደጋግማ ብትለምናቸውም ግን ባልዲያቸውን ይዘው መውረዱን አልተዉም። የእግራቸው ኮቴ በበራችን ሲያልፍ እማዬ የያዘችውን ሥራ አቁማ፣ ድምፁ እስኪርቅ አቀርቅራ ትጠብቅ ነበር።

አሁን የምኖረው ለሚ ኩራ፣ ከዚያኛው የረዘመ ሕንፃ ላይ ነው። ውሃ የፈሰሰበት ሰው በቴሌግራም ግሩፓችን ስሙን የማያውቀውን ጎረቤት ይከሳል፤ ተሳስቶ ከሆነም የጻፈውን አጥፍቶ ዝም ይላል እንጂ በር የሚያንኳኳ የለም። ያኔ በእናቴ እጅግ አፍሬ ነበር፤ ዛሬ ግን በምኖርበት ሕንፃ እንደ እሷ ያፈረ ሰው አይቼ አላውቅም።